በኢንዶኔዥያ የሚኖር የውጭ አገር ሰውና ቋንቋው

ስለ ኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰማው «ቀላል ነው» የሚል አስተያየት ነው። ይህ ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም። ግሡ በጊዜም ሆነ በባለቤት አይለዋወጥም፤ «ማካን» ማለት በላሁም፥ በላችም፥ ይበላሉም ሊሆን ይችላል። ላለፈው «ሱዳህ»፥ ለሚመጣው «አካን» የሚለው ቃል ከፊቱ ይጨመራል። ጽሕፈቱም በላቲን ፊደል ስለሆነ ጃካርታ የገባ እንግዳ በጥቂት ወራት ውስጥ በገበያ ዋጋ ይከራከራል። አማርኛ ተናጋሪማ ከዐረብኛ የተወሰዱትን ቃላት ሲሰማ ጆሮው ይነቃል፤ ረቡዕ «ራቡ»፥ ሐሙስ «ካሚስ» ነውና። ነገር ግን «ሃኪም» የሚባለው ሰው ዳኛ እንጂ በሽተኛ የሚያክም አለመሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከገበያው አልፎ ወደ ሰው ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው። ከመጽሐፍ «ቲዳክ» ብሎ የተማረውን «አይደለም» የጃካርታ ሰው በጨዋታ ላይ «ንጋክ» ይለዋል። በዕድሜ ከፍ ያለውን ሰው «አንተ» ማለት ነውር ስለሆነ «ባፓክ»፥ ሴቲቱን «ኢቡ» ማለት፥ ማለትም አባትና እናት ብሎ መጥራት ይገባል። ከሁሉም የሚያስገርመው «እኛ» የሚለው ቃል ሁለት መሆኑ ነው፤ «ኪታ» ሲባል ሰሚው ተጨምሮ፥ «ካሚ» ሲባል ሰሚው ተለይቶ ነው። (በዚህ ዓምድ «እኛ» የምንለው በዚያ ቋንቋ ቢጻፍ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብን ነበር።) እንግዳውም ጎረቤቶቹ በየትኛው እንደሚቈጥሩት ከአነጋገራቸው ይረዳል።

ቋንቋው ለብዙው ኢንዶኔዥያዊም ቢሆን የእናት ቋንቋ ሳይሆን የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ የኖረ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1928 ባታቪያ ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች የአንድነት ቋንቋ እንዲሆን የተቀበሉት የብዙኃኑን ጃቫኛ ሳይሆን፥ ነጋዴዎች ከደሴት ደሴት ይግባቡበት የነበረውን ማላይኛ ነው። የ1945ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸደቀ። ከ700 በላይ ቋንቋዎች ባሉበት አገር አንዱ የሌላውን የተሰባበረ አነጋገር መታገሥ የለመደው ነገር ስለሆነ፥ የውጭ አገር ሰው የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ ሕጉ ከዚህ እንግዳ ምን ይጠይቃል? በ2013 የወጣው የሠራተኛ ሚኒስትር ደንብ የውጭ አገር ሠራተኛ በቋንቋው መግባባት እንዲችል ያስገድድ ነበር። በ2015 ግን የውጭ ካፒታል እንዳይሸሽ ሲባል ይህ ግዴታ ተነሣ። በ2018 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ፥ ኋላም የ2021ዱ ደንብ፥ ቀጣሪው ትምህርቱን እንዲያመቻች ብቻ አዘዙ። ማመቻቸትና ማስቻል ለየብቻ ናቸው።

ሸክሙ ታዲያ በማን ላይ ወደቀ? በሱላዌሲ ደሴት፥ በሞሮዋሊ የኒኬል ማቅለጫዎች፥ ከቻይና የመጡና የአገሩ ተወላጅ ሠራተኞች በአንድ እቶን ዙሪያ ይሠራሉ። አስተርጓሚ ለስብሰባ ይደርሳል፤ የቀለጠ ብረት ሲፈስ «አዋስ!»፥ ተጠንቀቅ ብሎ ለሚጮኸው ሰው ግን አይደርስለትም። ዩኔስኮ በኅዳር 2023 ቋንቋውን ለጠቅላላ ጉባኤው አሥረኛ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ ሲቀበል በጃካርታ ደስታ ነበር። መንግሥቱ የራሱ የቋንቋ ችሎታ መመዘኛ ፈተና አለው፤ የውጭ አገር ሰውም ሊቀመጥበት ይችላል። ለሁሉም ባይሆን እንኳ የአገሩን ሠራተኛ በበላይነት ለሚያዝ የውጭ አገር አለቃ ይህን ፈተና ግዴታ ማድረግ ካፒታልን የሚያባርር ሆኖ አላገኘነውም።