ላፕቶፑን ከመለወጣችሁ በፊት

በየቤቱ አንድ የደከመ ላፕቶፕ አይጠፋም። ሲከፍቱት ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እስኪቀዳ ይቆያል፤ አንድ ፋይል ሲነኩት ደግሞ ያቃስታል። ልጆች «አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» ይላሉ፤ ወላጅ ዋጋውን ይሰማና ዝም ይላል። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ነገር ግን ዕድሜውን ከሕመምተኛ ጋር ያሳለፈ ሰው «ደከመኝ» ያለ ሁሉ ልቡ ታሟል ብሎ አይፈርድም፤ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቃል። አብዛኛው የደከመ ላፕቶፕ ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ ወደ ኋላ የሚጎትተው ዲስኩ ብቻ ነው።

ዲስክ ማለት ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ዊንዶውሱም ጭምር የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። የድሮው ዓይነት፣ ሃርድ ዲስክ የምንለው፣ ውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለው። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አዲሱ ዓይነት ኤስኤስዲ ይባላል፤ የሚዞር ነገር የለውም፣ ለፍላሽ ዘመዱ ነው። የድሮው በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ያነባል። በሥራ ላይ ያለው ልዩነት ከዚህም ይበልጣል። ዊንዶውስ ሲነሳ ሺህ ትንንሽ ፋይል ከየቦታው መልቀም ስላለበት፣ የድሮው ዲስክ ክንድ ሲሮጥ ጊዜው ያልቃል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ እዩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትሠሩበት «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ የሚቆይ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። «ሜሞሪ» የሚለው ከሞላ ደግሞ ራም መጨመር ያስፈልጋል፤ ዲስክ መቀየር ብቻውን አያድነውም።

ዝግታ አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ ሌላ ነው። የታናሽ እህቴ ላፕቶፕ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረ። ይዛው የሄደችበት ጥገና ቤት ያለው ልጅ «ማዘር፣ ፎርማት እናድርገውና እንደ አዲስ ይሆናል» አላት። ደግነቱ እሺ ከማለቷ በፊት ደወለችልኝ። በዚያ ዲስክ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈው ባለቤቷ ፎቶ ሁሉ አለ፤ የልጃቸው ምርቃት፣ ገጠር ያሉት ወላጆቹ ጋ የሄዱበት ፋሲካ። ሌላ ቦታ አንድም ቅጂ አልነበረም። «አጥፊው፤ እንዳትከፍቺው» አልኳት። ቀጭ የሚል ዲስክ በተነሳ ቁጥር ክንዱ ሳህኑን ሊቧጭር ይችላል፤ የተቧጨረውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ፎርማት ማድረግ የታመመ ዲስክ አይፈውስም፣ ያለውን ያስረሳዋል እንጂ።

ሌላ ባለሙያ ዲስኩን ፈትቶ አወጣውና በኬዝ አድርጎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ፎቶዎቹን ብቻ አስቀድሞ ገለበጠ፤ ፕሮግራሙና ፊልሙ ይቅር አልነው። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። አብዛኛው ወጣ። ጥቂቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ በአንዱ ላይ የባለቤቷ ፊት አለ፣ ከደረቱ በታች ግራጫ ነው። እሱንም አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ከዋጋው በፊት ቅርጹን እወቁ። በሃርድ ዲስክ የተሠራ የድሮ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው 2.5 ኢንች የሚባለውን፣ ሳታ የሚል የተጻፈበትን ነው። አዳዲሶቹ ኤምዶትቱ የሚባለውን፣ የማስቲካ ቅርጽ ያለውን ይወስዳሉ፤ 2280 የሚለው ቁጥር 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ይኸው ማስቲካ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሆኖ ይሸጣል፤ ሲያዩት መንትያ ይመስላል፣ ላፕቶፑ ግን አንደኛውን ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ከምትሄዱ ላፕቶፑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። እንደ አዳዲሶቹ ማክቡኮች ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ካለ ደግሞ የሚቀየር ነገር የለም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለቤተሰብ 256 ጊጋባይት ቶሎ ይጠባል፤ እኔ ከ500 በታች አልመክርም። ገዝታችሁ ስትከፍቱት ዊንዶውስ 465 ቢላችሁ አልተታለላችሁም፤ አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ባለ ብዙ ቴራባይት ነው ተብሎ በርካሽ የሚቀርብላችሁን ግን ተዉት። ቁጥሩ ከላይ የተለጠፈ ብቻ የሆነ፣ ሲሞላ የቀደመውን እየደመሰሰ የሚጽፍ አስመሳይ ዕቃ አለ። ዋስትናና ደረሰኝ ጠይቁ።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ቀርፋፋ ብቻ ከሆነ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ክሎን ይሉታል። የታመመ ከሆነ ግን ፋይሉን አውጥቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። በሁለቱም ባትሪው ይሞላ፣ መብራት በመሐል እንዳያስደነግጣችሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አዲስ ዲስክ አሮጌ ላፕቶፕን ያፈጥነዋል እንጂ ዊንዶውስ 11 እንዲቀበል አያደርገውም። ለልጆች ጥናትና ለደብዳቤ የሚሆን ከሆነ ግን አሁንም ገንዘቡ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

አሮጌውን ዲስክ ባለሙያው ጋ ትታችሁ አትውጡ። እኛ የሕመምተኛ ካርድ ሜዳ ላይ ሲጣል ስናይ የምንቆጣውን ያህል፣ ዲስክም እንዲሁ ነው። «ሰርዝ» ማለት ስሙን ከዝርዝሩ ማንሳት እንጂ ይዘቱን መደምሰስ አይደለም፤ የፓስፖርት ቅጂው፣ የባንክ ወረቀቱ እዚያው አለ። ጤነኛ ከሆነ ኬዝ ግዙለትና ተጨማሪ ቅጂ ማስቀመጫ ይሁን። የሞተውን በመዶሻ ስበሩት። የእህቴን ግን አልሰበርንም፤ ያልወጡት ፎቶዎች አሉ፣ ወደፊት የሚያወጣ ባለሙያ ይገኝ ይሆናል ብላ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑራዋለች።