ሕፃን ትንሽ ዐዋቂ አይደለም

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ አበው፥ አደጋ ሳይደርስ መጠንቀቅ የብልህ ሰው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ በመኪና የሚጓዝ ሕፃን ደኅንነት ብዙ ጊዜ ለእናቱ እቅፍ ብቻ ይተዋል። እቅፍ የፍቅር ምልክት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሕፃኑን ከግጭት ለማዳን ግን አይበቃም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም፥ በውስጡ ያለው ሰው በዚያው ፍጥነት ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም የሆነን ሕፃን በአንድ ሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ጊዜ ውስጥ ለማስቆም፥ 140 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም የሚያነሣ ኃይል ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ክንድ ያላት እናት አትገኝም።

የዐዋቂ ቀበቶም ቢሆን ለሕፃን አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ መኪኖች ላይ የዋለው፥ ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን የተሠራው አጥንቱ ለጠነከረ ሰው ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ይይዛል፤ አንገቱ ግን ገና ለጋ ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደፊት አድርጎ የተቀመጠ ሕፃን ሰውነቱ በቀበቶ ቢያዝም እንኳ፥ ከባዱ ጭንቅላቱ ወደፊት ተወርውሮ አንገቱን ይጎዳዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለገው ስዊድናዊው ተመራማሪ በርቲል አልድማን ነው። አልድማን የአሜሪካ ጠፈርተኞች ብርቱውን ግፊት በጀርባቸው ተደግፈው እንደሚቀበሉ ተመልክቶ፥ ሐሳቡን ለሕፃናት መቀመጫ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደኋላ የሚያይ የሕፃን መቀመጫ ናሙና ተሠርቶ ተፈተነ። በዚህ መቀመጫ ላይ ያለ ሕፃን ከፊት ግጭት ቢደርስ፥ ኃይሉ በመላ ጀርባውና በጭንቅላቱ ላይ ስለሚሠራጭ አንገቱ ብቻውን አይሸከመውም። መቀመጫው ግን በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት ባለበት ስፍራ ከቶ መደረግ የለበትም፤ ከረጢቱ ራሱ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላልና።

አንዳንድ ሰዎች «ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እግሩም ይጣበባል» ብለው ይቃወማሉ። ነገር ግን የታጠፈ እግር ከተጎዳ አንገት ጋር አይወዳደርም። በስዊድን ልጆች ቢያንስ እስከ አራት ዓመታቸው ድረስ ወደኋላ እያዩ እንዲጓዙ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሕግ ለልማድ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን የአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ታሪክ ያስረዳል። ቴነሲ ሕፃናት በልዩ መቀመጫ እንዲጓዙ የሚያስገድደውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 በሥራ ላይ በማዋል ከአገሪቱ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ይሁን እንጂ ሕጉ ሕፃንን በእቅፍ መያዝን ይፈቅድ ስለነበር፥ ይልቁንም ጥበቃ የሚያሻቸውን ታናናሾቹን ያለ መከላከያ ተዋቸው። ይህ ፈቃድ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር።

እንግዲህ መኪና የሚሠራም ሆነ ሕግ የሚያወጣ ሰው፥ ሥራውን ከዐዋቂ ልማድ ሳይሆን ከሕፃኑ ሰውነት መጀመር ይገባዋል። እናትም ልጇን ከእቅፏ አውርዳ በተገቢው መቀመጫ ላይ ስታስር ፍቅሯን አታጎድልም፤ ክንዷ የማይችለውን ሥራ ለሚችለው መስጠቷ ነው።