ውድ የጥርስ ሕክምና፦ የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል ክሊኒክ?

የጥርስ ሕክምና ወጪ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለብዙ ቤተሰቦች አሳሳቢ ሆኗል። ለሙሌት፣ ለሥር ሕክምናና ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚውሉት አብዛኞቹ ግብአቶች ከውጭ አገር የሚገቡ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተመሠረተ አገልግሎት ከዚህ ለውጥ ውጭ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም «ወደ መንግሥት ሆስፒታል ልሂድ ወይስ ወደ ግል ክሊኒክ?» የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመዘን የሚገባው የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ጥያቄው በሰላ ድንጋይና በመሰል የወረዳ ከተሞች ለሚኖር ተገልጋይ ይበልጥ ይከብዳል። የሞጃና ወደራ ወረዳ ነዋሪ በአካባቢው ከሚሰጠው በላይ የሆነ የጥርስ ሕክምና ሲያስፈልገው ወደ ደብረ ብርሃን፣ በዚያ ካልተሳካለትም ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ መጓዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ክፍያውን የሚወስነው የሕክምናው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ጭምር ነው።

የጤና መድኑ ሽፋንና ወሰኑ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተስፋፋ ሥርዓት ነው። የተቋቋመውም አርሶ አደሩንና በግል ሥራ የሚተዳደረውን የኅብረተሰብ ክፍል በሕመም ጊዜ ከሚደርስ ድንገተኛ ወጪ ለመጠበቅ ነው። አባላት ሕክምናቸውን ከጤና ጣቢያ ጀምረው፣ አስፈላጊ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ያልፋሉ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ የመድኑን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል። ዓመታዊ መዋጮው በወቅቱ ያልታደሰ ደብተርም በሕመም ቀን አያገለግልም።

ሥርዓቱ በመንግሥት ተቋም የሚሰጡ አብዛኞቹን ሕክምናዎች ይሸፍናል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በዋናነት ለመልክ የሚደረግ ሕክምና ተደርጎ በመታየቱ ከሽፋኑ ውጭ ከተደረጉት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ይህ ክፍተት ቀላል እንዳልሆነ መገንዘብ ይገባል። የታመመ ጥርሱን በመድን ያስነቀለ ሰው በምትኩ ጥርስ ለማስተከል ሲፈልግ ሙሉ ወጪውን ከኪሱ ይከፍላል። በፊት ጥርሶቹ ወይም በመንጋጋው ላይ ብዙ ጥርስ ያጣ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የመልክ ብቻ ሳይሆን ምግብን የማላመጥና በአግባቡ የመናገር ጉዳይ ነው።

ርካሹ ውሳኔ የሚወደድበት ጊዜ

የጥርስ ሕመም ደረጃ አለው። መቦርቦሩ ገና ወደ ነርቩ ሳይደርስ ከተገኘ በአንድ ቀጠሮ በሙሌት ሊታከም ይችላል። ነርቩ ከተጎዳ በኋላ ያሉት አማራጮች በአብዛኛው ሁለት ናቸው፦ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል። መንቀል በዕለቱ ርካሽ ነው፤ ሕመሙንም ይገላግላል። ሆኖም ከጊዜ በኋላ አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ፣ በትይዩ ያለውም ጥርስ ከቦታው ሊንቀሳቀስ ይችላል። ምትክ ማስተከል ያስፈለገ እንደሆነም ወጪው ጥርሱን ለማትረፍ ይጠይቅ ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። በአንጻሩ የተነቀለ ጥርስ ሁሉ ምትክ አያስፈልገውም፤ በተለይ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሳይተካ ይቀራል።

ስለዚህ «የትኛው ተቋም?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ይህ ጥርስ ሊተርፍ ይችላል ወይ?» የሚለው መልስ ማግኘት አለበት። ይህን ምርመራ በመድን በመንግሥት ተቋም ማስደረግ ይቻላል። ሐኪሙ መንቀልን ብቻ ከመከረ፣ ምክንያቱ ጥርሱ የማይተርፍ በመሆኑ ነው ወይስ የሥር ሕክምናው በተቋሙ ስለማይሰጥ ብሎ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ወደተለያየ ውሳኔ ይመራሉ።

ጉዞን በሒሳብ ውስጥ ማስገባት

የሥር ሕክምና እንደ ጥርሱ ሁኔታ በአንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቀጠሮዎች ይጠናቀቃል። ለምሳሌ ሦስት ቀጠሮ ከጠየቀ፣ ከሰላ ድንጋይ የሚመጣ ታካሚ ስድስት ጊዜ የመጓጓዣ ሒሳብ ይከፍላል፤ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀንም ያጣል። አስታማሚ ካስፈለገው ሁሉም እጥፍ ይሆናል፤ ማደሪያና ምግብም ይጨመርበታል። በዚህ ስሌት የመንግሥት ሆስፒታሉ ዝቅተኛ ክፍያ በቀጠሮ ብዛት ሊሸረሸር ይችላል። የግል ክሊኒኩም በመጀመሪያ ቀን የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል፤ የሥር ሕክምና የተደረገለት መንጋጋ ጥርስ እንዳይሰበር ብዙ ጊዜ የጥርስ ሽፋን፣ ማለትም ክራውን፣ ያስፈልገዋልና።

በጥቅሉ ሲታይ ምርመራ፣ መንቀልና ቀላል ሙሌት በመንግሥት ተቋም ከመድን ጋር ቢከናወኑ ይመረጣል። ወደ ግል ክሊኒክ መሄድ የሚያዋጣው በመንግሥት ተቋም ለማይገኘው ወይም ቀጠሮው እጅግ ለሚርቀው የሕክምና ክፍል ብቻ ነው። ከዚያም በፊት የወረዳውን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ማነጋገርና አገልግሎቱ አለመኖሩን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ መያዝ ይገባል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄዱ ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

• ክሊኒኩና ባለሙያው የታደሰ ፈቃድ ያላቸው መሆኑን፤
• የሕክምናው ዕቅድ፣ የቀጠሮው ብዛትና ሽፋኑን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው በጽሑፍ መሰጠቱን፤
• ከኢምፕላንት ሌላ የሚወለቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሰለ ዋጋው ዝቅ ያለ አማራጭ መኖሩን፤
• ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ መቆረጡን፤ የራጅ ፎቶውም ለታካሚው መሰጠቱን።

ፈቃድ በሌለው ሰው ጥርስን ማስነቀል በርካሽነቱ ሊያማልል ይችላል። ይሁንና በአግባቡ ያልጸዳ መሣሪያ እንደ ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።

የማይመዘን ጉዳይም አለ። ፊትን ወይም አንገትን ያሳበጠ፣ ትኩሳት ያስከተለ፣ አፍ መክፈትን፣ መዋጥን ወይም መተንፈስን ያስቸገረ የጥርስ ሕመም አስቸኳይ ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋ ሳያወዳድሩ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ወዲያውኑ መሄድ ይገባል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፀረ ተሕዋስያን ብቻውን የተበላሸውን ጥርስ አይፈውስም፤ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም የሕክምናውን ቀን ያዘገያል።

ከሁሉም የሚበልጠው ቁጠባ ግን ቀድሞ መድረስ ነው። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ስኳር መቀነስና ጥርስ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው መጠዝጠዝ በጀመረ ጊዜ በጤና ጣቢያ መታየት፣ ኋላ ከሚመጣው ከባድ ምርጫ ብዙዎችን ይታደጋል። የሰላ ድንጋይ ነዋሪ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር ጥርሱንም ቢያሳይ፣ ነገ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚያደርገውን ጉዞ ሊያስቀር ይችላል።