ከወጨጫ ጫፍ በታች

ባለፈው ህዳር አንድ እሁድ ብቻችንን ወጨጫን ልንወጣ ተነሳን። ተራራው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው፤ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ለእናታችን የምንሄድበትን ነግረን፣ «ኢንሻአላህ ከመግሪብ በፊት እንገባለን» አልናቸው።

የመረጥነው ሰው የማያዘወትረውን መንገድ ነበር። በመናገሻ ሱባ ደን፣ በጥድና በዝግባ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ጉሬዛ ከላያችን ይዘላል፤ ሰው ግን የለም። ከጥዱ በላይ፣ አስታው ሲጀምር፣ ችግር መጣ። የከብት ዱካ የሰው መንገድ ይመስላል፤ በየቦታውም ይገነጠላል። ሁለት ጊዜ ሳትን። ሁለተኛው ገደል አፋፍ ላይ አደረሰን (እውነቱን ለመናገር ጉልበታችን ከዳን)።

ዙህር ገባ። የቀረችን ውሃ ለመጠጥ ብቻ የምትበቃ ስለነበረች ተየሙም አደረግን። ቂብላ ፍለጋ አልተቸገርንም። በህዳር ቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ መካም ከዚያ በስተሰሜን ናት። ወደ ጥላችን ዞረን ሰገድን።

ስንነሳ ጫፉ ወለል ብሎ ታየን፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ግን ለመውረድ ሦስት ሰዓት፣ ታክሲ ተጠብቆ ቤት ለመግባት ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። ሦስተኛ ጊዜ ብንስትስ? ወጣቱ አንባቢያችን «ታዲያ ለአንድ ሰዓት ብላችሁ?» ይል ይሆናል። እኛም ያንኑ እያልን ብዙ ቆምን። ከዚያ ቁልቁለቱን ያዝን።

ዐስርን ደኑ ጠርዝ ላይ ሰግደን ቤት ስንደርስ እናታችን በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጫፉ ላይ ወጣህ?» አሉን።

«አይ እማዬ፣ ከታች አየሁት።»

ሻዩ ሳይቀዳ የመግሪብ አዛን ተሰማ።