ኢስታንቡል አንድ ቀን ካገኛችሁ

ትራንዚት ላይ ሆናችሁ ኢስታንቡል አንድ ቀን የምታገኙ ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቀኑን ሞል ለሞል እየዞራችሁ አትጨርሱት። እኔም አንድ ቀን ብቻ ነበረችኝ።

ጠዋት ከጋሪ ላይ ሲሚት ገዛሁ፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው። ሻዩ በትንሽዬ ብርጭቆ ይመጣል። ምሳዬን ኤሚኖኑ ወደብ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላሁ። ከዚያ ከሥራ ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር በጀልባ ወደ ካዲኮይ ተሻገርኩ። 20 ደቂቃ ገደማ፣ ከአውሮፓ እስያ! ይሄ ሁሉ ተደምሮ ጠዋት አያ ሶፊያ ለመግባት የከፈልኩትን 25 ዩሮ አያክልም።

ግን 25 ዩሮው አልቆጨኝም። ለምን መሰላችሁ? ያን ሕንፃ አሠርቶ በ537 እ.ኤ.አ. ያስመረቀው ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ፣ ለእኛው ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። አንዱ ጉዳይ ንግድ ነው፤ ሐር ከፋርሶች ከመግዛት አክሱማውያን ከሕንድ ገዝተው እንዲሸጡለት ፈለገ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ጽፎታል።

ትምህርት ቤት ግን አክሱም ለብቻው፣ ቢዛንታይን ለብቻው፣ ሁለቱም ለፈተና ነው የሚሰጡት። ልጁ ዓመተ ምሕረት ሸምድዶ ይወጣል፤ አባቶቹ በዓለም ገበያ የሚፈለጉ ሰዎች እንደነበሩ ሳያውቅ። ከዚያ ውጭ አገር ሲሄድ የሌላውን ታላቅነት ብቻ አይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ሲሚቱንም ብሉ፣ ፎቶውንም ተነሱ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ታሪክ አንብቡ። ዓይን የሚያየው ልብ የሚያውቀውን ያህል ነው።

የታሪክ መምህራን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?