ለመልቲሜትር ገመድ አስመጪዎችና ሻጮች፦ ከሐርቡ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የኤሌክትሪክ መለኪያ ዕቃዎችን ከውጭ ለምታስገቡ፣ መርካቶ ላይ በጅምላ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በችርቻሮ ለምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፤

የምጽፍላችሁ ሐርቡ ላይ በኤሌክትሪክ ጥገና ከሚተዳደሩት አንዱ ሆኜ ነው፤ ጉዳዬም የመልቲሜትር ገመድ ነው። እዚህ የቤት መስመር እንዘረጋለን፣ የወፍጮ ሞተር እንጠግናለን፣ በቦርከና ወንዝ ዳር የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፕ ሲቆምባቸው የሚጠሩት እኛን ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ባልደረቦቻችን ደግሞ 380 ቮልት በተሸከመ ፓኔል ፊት ይውላሉ። ሁላችንም ሽቦ ከመንካታችን በፊት መልቲሜትሩን እንጠይቃለን። እሱ የሚነግረን በቀዩና በጥቁሩ ገመድ አልፎ የደረሰውን ብቻ ነው።

በየሱቁ የሞላው ርካሽ ገመድ ላይ «1000 ቮልት፣ 20 አምፔር» የሚል ታትሟል። እባካችሁ አንዱን ላጥ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ያሉት ክሮች ጥቂት ናቸው፤ ከፀጉርም ብዙ አይወፍሩም። 20 አምፔር ሊሸከሙ ቀርቶ ጥቂት ጊዜ መታጠፍንም አይችሉም። በእኛ ቆላ ሙቀት ፕላስቲኩ ቶሎ ይደርቃል፣ ክሩም ከመሰኪያው ሥር ወይም ከእጀታው አንገት ላይ ይበጠሳል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ያን ጊዜ 220 ቮልት ባለበት መስመር ላይ መልቲሜትሩ ዜሮ ያሳያል፤ ሠራተኛውም መብራቱ ጠፍቷል ብሎ እጁን ይሰዳል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ዜሮ ነው።

«ባለሙያው ራሱ ይጠንቀቅ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች የምነግራቸውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ ከዚያ የምትሠሩበትን መስመር ለኩ፤ ተመልሳችሁ ያንኑ ሶኬት ድገሙት እላቸዋለሁ። ግን ገመዱ እጅ ሲዞር ብቻ የሚቋረጥ፣ ሲቃና መልሶ የሚያያዝ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ ራሱ ሊያታልል ይችላል። ደግሞስ የእኛ ጥንቃቄ የእናንተን ኃላፊነት ያወርዳል? ሚዛን አጉድሎ ጤፍ የሚሸጥ ሰው «ገዢው ለምን ቤቱ አልመዘነም?» ብሎ ከሰው ሐቅ አይድንም።

ጉዳቱ ሕይወት ላይ ብቻ አይደለም። ደህና ገመድ ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ ከ0.1 እስከ 0.3 ኦም ያህል ያነባል። የተጎዳው አንዴ 1፣ አንዴ 4 እያለ ይዘላል። የፓምፕ ሞተር ሦስት ጥቅሎች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ስንለካ የአንዱ ጥቅል ኦም ራሱ ጥቂት ነው፤ የገመዱ መዋዠቅ ሲጨመርበት ደህናው ሞተር የተቃጠለ ይመስላል። ገበሬው ሞተሩን አስፈትቶ ለጥቅለላ ይልካል፤ ሽንኩርቱ ውሃ ይጠማል፤ ብሩም ላልነበረ ብልሽት ይወጣል።

ለእነዚህ ገመዶች ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ አይኢሲ 61010-031 ነው። ካት 3 እና ካት 4 በሚባሉት ቦታዎች፣ ማለትም በሕንፃ ማከፋፈያ ሰሌዳና ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመር ላይ፣ ለሚውል ገመድ ጫፉ ላይ ያለው እርቃን ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ረጅሙ መርፌ ፓኔል ውስጥ ሁለት ፌዝ ሊያገናኝ ስለሚችል ነው። እንዲህ ሲሆን የሚነሳው የእሳት ብልጭታ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ባናና የሚባለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር መሰኪያም ዙሪያው በፕላስቲክ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ ከመልቲሜትሩ ቢወልቅ፣ ሌላው ጫፍ መስመር ላይ እያለ እርቃኑን ብረት የሚይዘው የሰው ጣት ነውና።

በ2014 ጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፋብሪካውም ሱቁም ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሙያ መሣሪያውን እንደ አዲስ ገዝቷል፤ የገዛውም አቅሙ የፈቀደውን፣ እናንተ ያቀረባችሁለትን ነው። ርካሽ ዕቃ አትሽጡ አልልም፤ ባትሪና ሬዲዮ ለሚለካ ተማሪ ርካሹ ይበቃዋል። «ይህ ለባትሪ ነው፤ ለመብራት አይሆንም» ብሎ መናገር ግን ገንዘብ አያስወጣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

አስመጪዎች ሆይ፣ ስታዝዙ ገመዱን ከመልቲሜትሩ ለይታችሁ፣ የሲሊኮን ሽፋን ያለውንና ካት 3 የሚለው ጽሑፍ በእውነተኛ ምርመራ የተደገፈውን እዘዙ። መልቲሜትር ያለው ሰው ገመድ ብቻ ፈልጎ ሲመጣ የሚገዛው ይጣ እንዴ? ባለ ሱቆች፣ ጫፍና ጫፉን አነካክተን፣ አንገቱን አጣጥፈን ኦሙን እስክናይ ታገሡን፤ የሚዘለውን መልሳችሁ ለሌላ ሰው አትስጡ። የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎችም የዘይትና የስኳር ዋጋ ስታዩ ይህን መደርደሪያም እዩልን። እናንተ ሻጮች ደግሞ ሐሰተኛ ቁጥር የታተመበትን ገመድ ከዛሬ ጀምሮ አትሽጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐርቡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ