የእነሱ ትዝታ፣ የእኛ ሰባ ሰባት

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ዕድሜው ስድሳን ከተሻገረ ሰው ጋር ወሬ ጀምራችሁ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉት ፊቱ ይበራል። «ላይቭ ኤይድ! እኔ እኮ ዌምብሌይ ነበርኩ!» ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ወሬው የእናንተ አይደለም። ፍሬዲ መርኩሪ ሰባ ሺሕ የሚሆን ሰው በአንድ እጅ ሲያስጨበጭብ፣ ቦኖ ከመድረክ ወርዶ ከአንዲት ልጅ ጋር ሲደንስ፣ ፊል ኮሊንስ ለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ ውቅያኖስ ተሻግሮ ፊላዴልፊያ መድረክ ላይ ሲወጣ... ሰውየው ዓይናችን ፊት ሃያ ዓመት ይሞላዋል። እኛ ደግሞ ፈገግ ብለን እናዳምጣለን። «እናመሰግናለን» የምንልም አለን።

እኔ ይኼ ፈገግታ ይብቃን ባይ ነኝ።

ሰው የወጣትነት ኮንሰርቱን ቢናፍቅ ምን አገባኝ? ትዝታን በዜማ ስም የጠራ ሕዝብ ልጅ ሆኜ በሌላው ትዝታ ላይ ልቆጣ አልችልም። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አላዳነም ማለትም ግፍ ነው፤ አድኗል። ጠቤ ትዝታው አርባ ዓመት ሙሉ ሲስለው ከኖረው ሥዕል ጋር ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ የሚዘፍኑት እነሱ፣ ድምፅ የሌለን እኛ ነን።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985። መነሻውም የዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው፣ መሐመድ አሚን የቀረፀው የቢቢሲ ዘገባ ነው። ሁለት ስታዲየም ሞላ። ስሙ በየንግግሩ መካከል የሚነሣው አገር ኢትዮጵያ ነው። በሁለቱም መድረኮች ላይ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ አልወጣም። ናይጄሪያ የተወለደችው ሻዴ ዌምብሌይ ላይ ዘፍናለች፤ እሷም የወጣችው በእንግሊዝ ኮከብነቷ ነው።

«ከየት ያምጧቸው? ደርግ ይለቃቸው ነበር?» የሚል ይኖራል። ከዋሽንግተን ያምጧቸዋ! ዋሊያስ ባንድ በ1981 እ.አ.አ. ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካ ገብቶ ሲጫወት ከባንዱ አባላት የተወሰኑት እዚያው ቀርተዋል። ኃይሉ መርጊያ በዚያው በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ሙሉ አልበም ሠርቷል። ከዋሽንግተን ፊላዴልፊያ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነው። አዲስ አበባ ሒልተን ዓመታት የተጫወተ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ሰው ያስጨፈረ ባለሙያ ያን ያህል ቅርብ ነበር። ኋላ ታክሲ ሲነዳ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

«ማን ያውቃቸው ነበር?» የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ደግሞ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልኖረም። በ1986 አንድ የብራስልስ አሳታሚ የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» አወጣ፤ የአውሮፓ አድማጭም ቋንቋውን ሳያውቅ ሰማው። ጆሮ ነበረ ማለት ነው። የጠፋው ከረሃብተኛው ወገን ሙዚቀኛ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ነው።

በዚያ ቀን እኛ በአንድ መንገድ ብቻ ስታዲየም ገብተናል። ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ በዚያ ሰዓት ቪዲዮ እንዲታይ አደረገ። የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች የቀረፁት የመጠለያ ምስል ነው፤ ከሥሩ «ዘ ካርስ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ ስለ ረሃብ ያልጻፈው አንድ ለስላሳ ዘፈን ገባበት። የቦዊን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ ነው የተጨናነቀው ይባላል። ግን አስቡት። እኛ አገር ሬሳ ያለ ሙሾ አይሸኝም። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስም ትጠራለች፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ይወድ እንደነበር ትናገራለች። በዚያ ስክሪን ላይ የታዩት ሕፃናት ስም የላቸውም፣ እናቶቻቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት አይሰማም። ድምፃቸው ተቀንሶ የሌላ ሰው ዘፈን ተጨመረበት። ለዚያች እናት ከንፈር ማን ጆሮውን ሰጠ?

ይኼን ሳስብ ሁሌም የምመለሰው ወደ ባቲ ነው። በሰባ ሰባት ባቲ ለዓለም የመጠለያ ስም ነበረች። ለእኛ ቅኝት ነች። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ መሬት ነው። እንግዲህ ዓለም «ዘፈን እናውጣላቸው» ብሎ የተነሣላቸው ሰዎች የአንድ አገር ሙዚቃ ምሰሶ በቀያቸው ስም የሚጠራላቸው ናቸው። ክርስቲያኑ ከአራተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ገናን የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ተብሎ በዘፈን ርዕስ ተጠየቀ፤ ከወሎ ሕዝብ ብዙው ሙስሊም መሆኑንማ ርዕሱን ያወጣው ሰው አላሰበውም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ትምህርት ተወስዶ ይሆን? በ2005 ላይቭ 8 ሲዘጋጅ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ከሃይድ ፓርክ ርቀው ኮርንዎል ውስጥ በተሰናዳ ሌላ መድረክ ላይ ተጫወቱ። በ2018 «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ዌምብሌይን መልሶ ሠራው፤ በ2024 ደግሞ ለንደን ላይ በሙዚቃዊ ቲያትር ወጣ። ትዝታው እንዲህ እየታደሰ ይሸጣል።

ከራሳችን ወገን የሚመጣው ወቀሳ ይበልጥ ያመኛል። «ባይዘፍኑልን አልቀን ነበር፤ ውለታ ቢስ አትሁን» ይሉኛል። ውለታ ያለበት ሰው አፉን ይዘጋል ያለው ማን ነው? እንዲያውም እውነተኛ ወዳጅ ሙሉውን ታሪክ ሊሰማ ይገባዋል። ሐምሌ 6 ቀን ደጋው ላይ የዘር ወቅት ነበር። በሬውን ሽጦ፣ ዘሩን በልቶ ከመጠለያ የገባ ገበሬ ዝናቡን ቆሞ ያየው ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ በሠፈራ ስም ብዙው ያለ ፈቃዱ እየተጫነ የተጓዘው ሕዝብ ስድስት መቶ ሺሕ ያህል ነው። ይህን የተቃወመው የፈረንሳይ የሐኪሞች ቡድን ከኮንሰርቱ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ከአገር ተባረረ። የዌምብሌይ ትዝታ ይኼን ሁሉ አያውቅም፤ በትዝታው ውስጥ ጠላት ድርቅ ብቻ ነው፣ ድርቅ ደግሞ አይከሰስም።

እኛም ብንሆን በዚያ ዓመት ዘፈን አልጠፋብንም። መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በትርኢት ስታከብር፣ ባንዲራውና ቅስቱ መንገዱን ሲሞላ፣ ኮረም ሰው ይወድቅ ነበር። ያንን ትርኢት ዛሬ በስደት ቡና ላይ «ምን የመሰለ ኪነት ነበር!» እያሉ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ለነሱም ያለኝ ጥያቄ ለዌምብሌዩ ሰውዬ ካለኝ አይለይም።

ከመጠለያ የተረፉ ሕፃናት ዛሬ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰዎች ናቸው። ወላጆቻቸው በሕይወት ካሉ አርጅተዋል። አንዳንዶቹ ከልጆቻቸው ጋር ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ሪያድ ይኖራሉ፤ ስልክ በየኪሳችን አለ፣ ድምፅ ይቀርፃል። በዚያ ዓመት ባቲ ላይ ማታ ማታ ምን ይንጎራጎር እንደነበር፣ አንዲት እናት ልጇን ስትቀብር ምን እንዳለች የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ከፍሬዲ መርኩሪ በፊት እሱን መስማት እፈልጋለሁ።